ጋሼ ውብሸትና ስም ያልወጣላት የአሰቦት ጢንዚዛ

የስልክ ጥሪው ወረቀት የደረሰኝ እዚህ ጎሬ፣ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። «ከአሰበ ተፈሪ ይፈለጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቴሌ ይገኙ» ይላል። ከዚያ ድረስ በስልክ የሚያስጠራ ደኅና ነገር እንደሌለ ስለማውቅ፣ እናቴን ቀበርኳት ብዬ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሄድኩ። መነጋገሪያውን ስይዝ የታናሽ እህቴ የጽጌ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«እትዬ፣ ደኅና ነሽ? አትደንግጪ፤ እማማ ደኅና ናት።»

«ተመስገን!» አልኩ።

«ጋሼ ውብሸት ናቸው። አረፉ። ቀበርናቸው።»

ተመስገን ያልኩበት አፌ ገና አልተዘጋም ነበር። የቴሌው ሠራተኛ በመስኮት እያየኝ ስለነበር ጮኼ ማልቀስ አፈርኩ። እንዴት እንደሞቱ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ መጠየቅ ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሣጥኖቹስ?»

«የምን ሣጥን?»

«የጢንዚዛዎቹ! ሣጥኖቹ የት ናቸው?»

 መስመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ሠራተኛው ደጋግሞ ቢሞክርም አልተመለሰም።

ይህን የምጽፈው በአርባቸው ለምትሰበሰቡ ሁሉ፣ ጽጌ እንድታነብላችሁ ነው። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ለአርባቸውም መንገዱና ሥራዬ አልፈቀዱልኝም። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በመጨረሻው ዘመናቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ግድግዳ እየዳሰሱ ሲሄዱ ነው። ሣጥኖቹ ለምን እንደዚያ እንዳስጮሁኝ ይገባችሁ ዘንድ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሰው መንገር አለብኝ።

ጋሼ ውብሸት ሸዋ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ ሙዚየም የተቀጠሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ጢንዚዛ ነበር። ጢንዚዛ መሰብሰብ፣ በመርፌ ሰክቶ ማድረቅ፣ ከየት እንደመጣ መጻፍ፣ ዘመዱን ፈልጎ ስሙን መስጠት። ውጭ አገር ተልከው የተማሩትም ይህንኑ ነው። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን በአንድ ስብሰባ ላይ፣ «ሕዝብ በራበው አገር ጢንዚዛ መቁጠር የማን ሥራ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው፣ «የእኔ» አሉ። ይህን ሲያወሩልኝ ይስቁ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ቢሮ የተባይ ባለሙያ ሆነው ወደ እኛ አገር፣ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ተዛወሩ። ሙዚየሙ ውስጥ የቀረው ክፍላቸው ተቆልፎ፣ ጣሪያው እያፈሰሰበት መበስበሱን ኋላ ሰሙ። ከሐረርጌ ምድር በእጃቸው የሰበሰቡትን ግን አስፈቅደው፣ ባለመስታወት መሳቢያዎቹን፣ እኔ ሣጥኖቹ የምላቸውን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በጭነት መኪና ይዘው መጡ።

ኬላው ላይ የሆነውን የከተማው ሰው ለዓመታት ሲቀባበለው ኖሯል። ፈታሹ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣

«ምንድን ነው የጫንከው?» አለ።

«ጢንዚዛ።»

«የሞተ ነው በሕይወት ያለ?»

«የሞተ።»

«ታዲያ ምን ልፋት ነው? እዚህ በሕይወት ያለው ሞልቶልህ!»

ጋሼ ኮስተር ብለው፣ «እሱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አሉት።

እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ በቢሮው በጸሐፊነት የተቀጠርኩ ልጅ ነበርኩ። አለቃችን፣ «ፊደሏ ያምራል፤ ለሰውዬው ትጻፍለት» ብለው ላኩኝ። ከቢሮው ጓሮ በተሰጣቸው አሮጌ መጋዘን ስገባ፣ መጀመሪያ የተቀበለኝ የናፍታሊን ሽታ ነው። ያ ሽታ ከኮታቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ገበያ ውስጥ ሳናያቸው መምጣታቸውን እናውቅ ነበር። ጢንዚዛ በመርፌ ሲሰኩ ሳይ ሳላስበው አማተብኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ግድ የለም፤ አንቺ እያማተብሽ እኔ እየሰካሁ ሥራው ይሄዳል» አሉኝ። ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ሄደ።

ሥራዬ ከየጢንዚዛው በታች የምትቀመጠውን ቁራጭ ወረቀት መጻፍ ነበር። ቦታው፣ ወቅቱ፣ በምን ዛፍ ላይ እንደተገኘ፣ ማን እንዳገኘው፤ በመጨረሻም ስሙ። ይህ ሁሉ ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ወረቀት ላይ፣ በቀጭን ብዕርና በጥቁር ቀለም ይጻፋል። አንድ ቀን ሁለት ወረቀት አደባልቄባቸው፣ የቦኬውን ከገለምሶው ጋር አድርጌ፣ ተቆጥተው አላውቅም የምለውን ሰው ያን ቀን አየሁ። «ብርቄ፣ ቦታው ያልታወቀ ጢንዚዛ ጥራጊ ነው። ወረቀቱ ካለ ግን ምስክር ነው። ይህ ዛፍ እዚህ ነበር፣ ይህ ፍጥረት እዚህ ይኖር ነበር ብሎ የሚናገር ምስክር።» ጥራጊ ያሉት ቃል አሁን ሌት ተቀን ጆሮዬ ላይ ነው።

ወደ ወረዳ ስንወጣ ነጭ ጃንጥላቸውን ይይዙ ነበር። ጃንጥላውን ዘርግተው ከቅርንጫፍ ሥር ገልብጠው ይይዙና ዛፉን በበትር መታ መታ ያደርጉታል፤ ቅጠል ላይ ያለው ሁሉ ይራገፍና ነጩ ጨርቅ ላይ ይታያል። ገለምሶ አጠገብ ቡና ውስጥ እንደዚያ ሲያደርጉ አንድ ሽማግሌ ጫታቸውን ይዘው ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ኦቦ፣ ጃንጥላህ ተገልብጧል እኮ!» አሉ።

«አውቄ ነው አባባ።»

«በእናንተ አገር ዝናብ ከታች ነው የሚመጣው?»

ጋሼ ሳቃቸው አምልጧቸው የሰበሰቡት ሁሉ ተበተነ። ሽማግሌውም ተንበርክከው አብረው ለቀሙላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ስማቸው «ባለ ጃንጥላው» ሆኖ ቀረ።

ክፉ ዓመት በመጣ ጊዜ ቦኬ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሽላዋን ከጉድጓድ ብታወጣው ነቀዝ ጨርሶታል። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ከልጆቿ ጋር ቁጭ ብለው ሲነፉ ዋሉ። ከወንፊቱ ላይ የቀረውን ካዩ በኋላ አላባበሏትም። «እመቤት፣ ይህ ለዘር አይሆንም፤ ለመብልም እስከ በልግ አያደርስም» አሏት። በሚቀጥለው ሳምንት ከቀበሌ የደረሳቸውን የራሳቸውን እህል በቢሮው መኪና ይዘውላት ሄዱ። ነቀዙንም በጠርሙስ ጨምረው ይዘው ነበር የተመለሱት። «ይሄም ስም አለው፤ ጥፋተኛ ነው ተብሎ ሳይጻፍ አይቀርም» አሉኝ።

ወንድሜ ወደ ግንባር ሄዶ መርዶው የመጣ ዓመት ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ቢሮ ሄጄም ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ጋሼ እንባዬን አይተው አላጽናኑኝም። ወንበር ሳቡልኝ፣ ብዕሩን ሰጡኝ። «ዛሬ አምስት ወረቀት ጻፊልኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም» አሉ። ጻፍኩ። በማግሥቱም አምስት አሉ። እስካሁን የምጸልየውን ያህል አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከእነዚያ ሁሉ መሳቢያዎች ይልቅ ጋሼ የሚሳሱላት አንዲት ጢንዚዛ ነበረች። ከባልደረቦቿ ለይተው በአሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ፣ በጥጥ ላይ አስቀምጠዋታል። አረንጓዴ ናት፤ ጠርዟ እንደ መዳብ ያበራል፤ አንድ እግሯ የለም። ያገኟት አሰቦት ተራራ ደን ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር፣ ሞታ ነው። ደኑን ይጠብቁ የነበሩ አንድ የገዳሙ አባት ጃንጥላውን አይተው ጠርተዋቸው ነበር።

«ልጄ፣ የሞተውን ውሰድ። በሕይወት ያለውን ግን እዚህ ደን ውስጥ አትንካ፤ እነሱም እንደኛ ተጠግተው ነው ያሉት። የወሰድከውም ካልጠቀመህ መልሰው፤ አፈሩ እዚሁ ይሁን።»

ጋሼም እጅ ነሥተው ቃል ገቡ።

ያችን ጢንዚዛ በመጽሐፍ ሁሉ ፈለጓት፤ የለችም። በማጉያ መነጽር እያዩ ሥዕሏን ሣሉና ውጭ አገር ላሉ አንድ ሊቅ ላኩ። መልሱ ሲመጣ አነበቡልኝ። አዲስ ሳትሆን አትቀርም፤ ነገር ግን እግሯ በጎደለ በአንዲት ሴት ብቻ ስም አይወጣም፤ ወንዱን፣ ሙሉውን፣ አግኝልን ይላል። ከዚያ በኋላ የጋሼ ዕድሜ ያንን በመፈለግ አለቀ። ዝናብ ጣል ባደረገ ቁጥር አሰቦት ይወርዳሉ። ሞቶ የወደቀ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ጉንዳን ደግሞ ከእሳቸው ይቀድማል። ክንፍ ያገኛሉ፤ ግማሽ አካል ያገኛሉ፤ ሙሉ አያገኙም።

አንድ ዓመት ለገዳሙ ንግሥ ብዙ ሆነን በጭነት መኪና ወረድን፤ ጋሼም ጃንጥላቸውን ይዘው አብረውን ነበሩ። ተሳልመን ስንመለስ ሁለታችን ወደ ኋላ ቀርተን ወይራው አጠገብ ደረስን። በድንገት ክንዴን ያዙ።

«ብርቄ፣ አትነቃነቂ።»

ግንዱ ላይ፣ ደረቴ በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ቀስ እያለ ይሄዳል።

«እሷ ናት?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እሱ ነው። ወንዱ።»

«ይያዙታ!»

«ቃል አለብኝ።»

«አባ እኮ እዚህ የሉም። ማንም የለም።»

«አንቺ አለሽ።»

«እኔ ለማን እናገራለሁ? ጋሼ፣ በእመቤቴ ይውሰዱት፤ ንስሐውን እኔ እገባልዎታለሁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን ከጢንዚዛው አልነቀሉም። «በአንቺ ንስሐ ጢንዚዛ አልሰበስብም» አሉኝ። ከዚያ አቀርቅረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ አዩት። ጃንጥላውን አጠፉ። መኪናው ላይ ሰው ሁሉ እልል እያለ ሲዘምር እሳቸው ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምነው ሞቶ ባገኘሁት አልኩ፤ አየሽ፣ በገዳም ሞት ተመኘሁ» አሉኝ። 

ዳግመኛ አላዩትም። የቆላው መንገድ በጦርነቱ ሳቢያ የሚዘጋባቸው ዓመታት መጡ፤ ድርቁ መጣ፤ ከሰል አክሳዩ ከተራራው ግርጌ እየጀመረ ወደ ላይ ወጣ። ያ ወይራም ተቆረጠ፤ ጋሼ ጉቶውን አይተው መጡ። ቃል የገቡላቸው አባትም አረፉ። ቢሮው መጋዘኑን ለማዳበሪያ ሲፈልገው መሳቢያዎቹ ወደ ቀበሌ ቤታቸው ገቡ፤ እሳቸው በአንዱ ጥግ ተኙ። ሙዚየሙ መሳቢያዎቹን መልሶ እንዲረከብ ደጋግመው ጠየቁ፤ ቦታ የለም ተባሉ። የሞተ ጢንዚዛ የሚበላ ሌላ ደቃቅ ጢንዚዛ አለ፤ ናፍታሊን ከሱቅ ሲጠፋ በየጠዋቱ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ ከሥራቸው የወደቀ ዱቄት እንዳለ በጣታቸው ይፈትሹ ነበር፤ ዓይናቸው ማየት ካቆመ በኋላም በጣታቸው።

እኔ ባሌን ተከትዬ ወደዚህ ስመጣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። «ሣጥኖቹን አንድ ሰው ቢያያቸው» አሉ። ማን እንደሆነ አላሉም። ቀጥለውም፣ «ቆርቆሮዋ ግን የተለየች ናት። ስም ካልወጣላት መመለስ አለባት። አባ ያሉትን አትርሺ» አሉኝ። ወረቀቷን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል፤ «አሰቦት፣ ከወይራ ሥር፣ ሞታ የተገኘች» ይላል። ከሥሩ ያለው የስም መስመር ባዶ ነው።

ጽጌ ዳግመኛ የደወለችው በሳምንቱ ነው። ድምጿ ኩራት ነበረው፤ ያ ነው ልቤን የሰበረው።

«እትዬ፣ ስለ ሣጥኖቹ እንዳታስቢ። አልተጣሉም። ለቀስተኛ ሊቀመጥ ቤቱ ሲከፈት ነቀዝ የወረሰው ነገር ነው የሞላው። ዘመድ የላቸው፣ ሰው ምን ይላል ብለን፣ የእድሩ ሴቶች ተሰብስበን አራግፈን አቃጠልነው። መሳቢያዎቹን በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብናቸው። እንዴት ያለ እንጨት መሰለሽ! የሣልስታቸው ዳቦ በእነሱ ቀረበ። ሰው ሁሉ አመሰገነ።»

«ወረቀቶቹስ?»

«የትኞቹ? እነዚያ ብጥስጣሾች? አብረው ነደዱ።»

«ቆርቆሮስ ነበር፤ ትንሽ፣ የከረሜላ።»

 «እሱን አላየሁትም። እትዬ፣» አለች ኩራቱ ጠፍቶ፣ «ምን አደረግን?»

ጽጌ፣ ይህን ስታነቢ ድምፅሽ እንዳይሰበር። እናንተም እናቶቼ፣ አንገታችሁን አትድፉ። ዘመድ ለሌለው ሰው እንደ ዘመድ ሆናችሁ ቤቱን አጸዳችሁ፤ አንዲት ባለ እድር ከዚህ የተለየ ታደርግ ነበር ብዬ አላስብም። እኔም በዚያ ብኖር፣ ጋሼን ባላውቃቸው ኖሮ፣ ውኃውን የማፈላ እኔ ነበርኩ። ያዘንኩት በእናንተ አይደለም። ግን አልዋሻችሁም፤ አዝኛለሁ፤ የሚያጽናናኝም ነገር አላገኘሁም።

ጋሼ ውብሸት፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ። ሥራዎ ይኖራል፣ ስምዎ አይሞትም ብዬ እንደ ሌላው ሰው ልሰናበትዎ አልችልም፤ ሐሰት ሲነገር እንደማይወዱ አውቃለሁ። ሥራዎ ነድዷል። ዛፉ ተቆርጧል። እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ በስሙ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎ የደከሙት ግን እኛ እንድናውቀው ነበር፤ እኛም ሳናውቀው ቀረን። ማንም ባላየዎት ጫካ ውስጥ ቃልዎን ጠብቀው እጅዎን ወደ ኋላ ሲያጣምሩ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። እንደ ድሮው ቦታውን፣ ዛፉን፣ ማን እንዳየ ጽፌአለሁ። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ሳማትብ አይሳቁብኝ።

እዚያ ለነበራችሁ ግን አንድ ልመና አለኝ። ያን ዕለት ከቤቱ ውስጥ ትንሽ የከረሜላ ቆርቆሮ አንስታችሁ፣ የመርፌና የክር ማኖሪያ፣ የቁልፍ ማስቀመጫ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ክዳኑን ገልጣችሁ እዩልኝ። ወረቀቷ ካለች፣ ጢንዚዛዋም ካለች፣ ለእኔ አትላኩልኝ። ከእናንተ አንዱ ለንግሥ ወደ አሰቦት ሲወርድ ይውሰዳትና፣ የወይራው ጉቶ ካለበት አፈር ያልብሳት። ቆርቆሮዋን ለራሱ ያስቀር። ባዶዋን ከሆነች፣ ወይም ከሌላው ጋር ነድዳ ከሆነም፣ ያየ ሰው ለጽጌ ይንገራት። አልቆጣም፤ ስሙንም አልጠይቅም። መመለስ አለመመለሷን ብቻ ንገሩኝ።